ከናስ ሰሌዳ እስከ ድረ ገጽ፦ የእንግሊዝ የቤተሰብ ሐኪሞች ለሕመምተኞቻቸው የሚሰጡት መግለጫ ታሪክ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አባባሉ ለሕመምተኛው የተነገረ ምክር ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁለተኛ ወገን አለው። ሕመምተኛው በሽታውን ለመግለጥ ቢፈቅድ እንኳ ሐኪሙ የት እንደሚገኝ፣ በስንት ሰዓት እንደሚቀበል፣ ከመመርመሩ በፊት ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ ካላወቀ ወደ ሐኪሙ ሊደርስ አይችልም። ስለሆነም ክሊኒክ ስለ ራሱ ለሕዝብ የሚሰጠው መግለጫ ከሕክምናው ሥራ ውጭ የተለጠፈ ጌጥ ሳይሆን የሕክምናው የመጀመሪያ በር ነው።

ይህ በር በእንግሊዝ አገር ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ መመልከት ለጤና ባለሙያውም ሆነ ለመሐንዲሱ ትምህርት ይሰጣል። ሐኪሙ በመጀመሪያ ስለ ራሱ እንዳይናገር ተከለከለ፤ ቀጥሎ እንዲናገር ተፈቀደለት፤ በመጨረሻም እንዲናገር ታዘዘ። ዛሬ የአንድ ትንሽ ክሊኒክ ድረ ገጽ የብዙ ሕጎች መገናኛ ሆኗል። ሕጎቹን ሁሉ የፈጸመ ገጽ ሕመምተኛውን በእርግጥ ይረዳዋልን? የሚለው ጥያቄ ግን ገና ሙሉ መልስ አላገኘም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዝምታው ዘመን

በ1858 በወጣው የሕክምና አዋጅ የተቋቋመው ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት የሐኪሞችን መዝገብ እንዲይዝና በሙያው ላይ ነውር የፈጸመውን ከመዝገቡ እንዲሠርዝ ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። ምክር ቤቱ ከጊዜ በኋላ እንደ ነውር ከቈጠራቸው ድርጊቶች አንዱ ሐኪም ሕመምተኞችን ለመሳብ ስለ ራሱ ማስታወቂያ ማውጣቱ ነው። ለሐኪሙ የተፈቀደለት ከበሩ አጠገብ የሚሰቀል ትንሽ የናስ ሰሌዳ ሲሆን፣ በእርሱም ላይ ስሙንና ማዕረጉን ያስቀርጽበት ነበር።

ክልከላው ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። በዚያ ዘመን ማንኛውንም በሽታ አድናለሁ እያለ በጋዜጣ የሚለፍፍ መድኃኒት ሻጭ ብዙ ስለነበረ፣ የተማረው ሐኪም ከዚህ ጩኸት መራቁ የሙያው ክብር ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ዋጋውን የከፈለው ግን ሕመምተኛው ነው። የትኛው ሐኪም ሕፃናትን በትዕግሥት እንደሚያይ፣ የትኛው ሌሊት ሲጠሩት እንደሚመጣ የሚያውቀው ከጎረቤቱ በሰማው ወሬ ብቻ ነበር። ለሠፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ ይህም አልነበረውም።

በ1911 የወጣው የብሔራዊ ኢንሹራንስ ሕግ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሠራተኞች ሐኪም እንዲያገኙ ሲያደርግ፣ በየወረዳው ለዚህ ሥራ የተስማሙ ሐኪሞች ስም በአንድ ዝርዝር እንዲያዝ አደረገ። ስለ ሐኪሞች በመንግሥት በኩል ለሕዝብ የሚነገር መረጃ በዚህ ጀመረ ለማለት ይቻላል። ሕጉ የሠራተኛውን ሚስትና ልጆች ስላላካተተ ግን ዝርዝሩ ለቤተሰቡ እኩሌታ የሚጠቅም አልነበረም።

ጁላይ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራውን ሲጀምር ነገሩ ተስፋፋ። ከዚያ ቀን አስቀድሞ መንግሥት በየቤቱ ባሳደለው አጭር መግለጫ ማንኛውም ሰው፣ ሀብታምም ሆነ ድኻ፣ በአገልግሎቱ ሊጠቀም እንደሚችል አስታወቀ፤ ሕዝቡም የቤተሰብ ሐኪሙን መርጦ እንዲመዘገብ ጠየቀ። እዚህ ላይ የሚናገረው መንግሥት እንጂ ሐኪሙ አልነበረም። መግለጫው ስለ አገልግሎቱ በጠቅላላው ይገልጻል፤ ስለ አንዱ ክሊኒክ የመክፈቻ ሰዓት ግን አይናገርም።

በ1950 ጆሴፍ ኮሊንግስ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በእንግሊዝ የሚገኙ ክሊኒኮችን ተዘዋውሮ ካጠና በኋላ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ዘገባ፣ ብዙዎቹ በተጎሳቈለ ቤትና በጎደለ መሣሪያ የሚሠሩ መሆናቸውን ገለጠ። ቀጠሮ በጊዜው የተለመደ አልነበረም። ሕመምተኛው ይመጣል፤ ተራውን ይዞ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ አሠራር ብዙ መግለጫ አያስፈልግም፤ የበሩን መከፈት ማየት ይበቃል።

ሁኔታው የተለወጠው በ1966 ሐኪሞቹ ከመንግሥት ጋር አዲስ የአከፋፈል ስምምነት ካደረጉ በኋላ ነው። መንግሥት ከክሊኒኩ ረዳት ሠራተኞች ደመወዝ አብዛኛውን መተካት በመጀመሩ በየክሊኒኩ ተቀባይ ሠራተኞች ተቀጠሩ፤ በስልክ ቀጠሮ መስጠትም እየተለመደ ሄደ። ለሐኪሙ ሥራው ተስተካከለለት። ሕመምተኛው ግን ከዚያ ወዲህ የሚያውቀው ነገር በዛበት፤ ይኸውም መቼ እንደሚደውል፣ ሐኪሙ ቤት ድረስ እንዲመጣለት እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ያለቀበትን መድኃኒት እንዴት እንደሚያሳድስ ነው። ይህን ሁሉ በቃሏ ይዛ የምትመልሰው ተቀባይዋ ስለነበረች፣ ለሃያ ዓመት ያህል የክሊኒኩ ሕያው የማስታወቂያ ሰሌዳ እርሷ ነበረች።

መናገር ግዴታ ሲሆን

በ1989 የእንግሊዝ የሞኖፖሊና የውሕደት ኮሚሽን የሐኪሞችን አገልግሎት መርምሮ የማስታወቂያው ክልከላ እንዲላላ ሐሳብ አቀረበ። በሚከተለው ዓመት የሕክምና ምክር ቤቱ ሐኪሞች ስለ አገልግሎታቸው እውነተኛ መረጃ ለሕዝብ እንዲሰጡ ፈቀደ። ፈቃዱና ግዴታው የመጡት ተከታትለው ነው። ኤፕሪል 1 ቀን 1990 በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ውል እያንዳንዱ ክሊኒክ ስለ ሐኪሞቹና ስለ አገልግሎቱ የሚገልጽ ወረቀት አዘጋጅቶ ለሕመምተኞቹ እንዲሰጥ አዘዘ።

በ2004 ውሉ በአዲስ መልክ ሲሠራ በወረቀቱ ላይ መስፈር ያለባቸው ነገሮች በዝርዝር ተቀመጡ። የሐኪሞቹ ስምና የትምህርት ደረጃ፣ ክሊኒኩ የሚያገለግለው ክልል፣ የምዝገባው ሥርዓት፣ የመክፈቻው ሰዓት፣ ክሊኒኩ ሲዘጋ ወዴት እንደሚኬድ፣ አቤቱታ እንዴት እንደሚቀርብ፣ አካለ ስንኩላን መግባት የሚችሉበት መንገድ መኖሩና አለመኖሩ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ክሊኒኩ ወረቀቱን ቢያንስ በ12 ወር አንድ ጊዜ እንዲመረምርና እንዲያርምም ተደነገገ።

ይህ የ12 ወር ገደብ ልብ ሊባል ይገባል። ወረቀት ማተሚያ ቤት ሄዶ የሚመለስ ነገር ስለሆነ የዓመት ዕድሜ ይበቃዋል። ሐኪም ቢለወጥ ተቀባይዋ በብዕር ሠርዛ ትሰጣለች። ድረ ገጽ በመጣ ጊዜ ግን ይኸው የወረቀት አስተሳሰብ ሳይለወጥ ተከትሎት ገባ፤ ለብዙዎቹ ችግሮችም ሥር ሆነ።

ወረቀቱ ወደ መስታወት ሲሸጋገር

በጄኔቭ አጠገብ የሚገኘው የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሰርን፣ የድረ ገጽን ዘዴ ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ያለ ክፍያ ለሕዝብ ከለቀቀ በኋላ ክሊኒኮችም ቀስ በቀስ የየራሳቸውን ገጽ ከፈቱ። ሥራው ብዙውን ጊዜ የኮምፒውተር ፍቅር ባደረበት አንድ ሐኪም ወይም በክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ትከሻ ላይ የሚወድቅ ነበር። ለገጹ የሚሆን ጽሑፍ ሲፈለግም ቅርብ የተገኘው ያው የታተመው መግለጫ ወረቀት በመሆኑ እንዳለ ወደ መስታወቱ ተገለበጠ።

በዚሁ ጊዜ መንግሥትም በራሱ መንገድ ይጓዝ ነበር። ኤን ኤች ኤስ ዳይሬክት የተባለው የስልክ ምክር አገልግሎት በ1998 ተጀምሮ በ1999 መጨረሻ ድረ ገጹ ተጨመረለት። በ2007 ደግሞ ኤን ኤች ኤስ ቾይስስ የተባለው ብሔራዊ ገጽ ተከፈተ፤ በውስጡም ለእያንዳንዱ ክሊኒክ አድራሻውንና ሰዓቱን የሚያሳይ ክፍል ነበረ። በዚህም ምክንያት የአንድ ክሊኒክ የመክፈቻ ሰዓት በበሩ፣ በወረቀቱ፣ በራሱ ገጽና በብሔራዊው ገጽ፣ በአራት ቦታ ተጻፈ። አንድ ቍጥር በአራት ቦታ ከተጻፈ አንድ ቀን አራቱ መለያየታቸው እንደማይቀር ማንኛውም ሥዕል ነዳፊ መሐንዲስ ያውቃል። አንዱ ንድፍ ታርሞ ሌላው ሳይታረም ሲቀር ሠራተኛው በየትኛው እንደሚገነባ ግራ ይገባዋል። እዚህ ግን ግራ የሚጋባው የታመመ ሰው ነው።

ኤን ኤች ኤስ ዳይሬክት በ2014 ተዘግቶ 111 በተባለው አጭር ቍጥር ሲተካ ይህ ግልጽ ሆነ። የቀድሞውን ቍጥር የያዘ ገጽ ሁሉ በዚያው ጊዜ መታረም ነበረበት። ገጹን ማን እንደሚያርም አስቀድሞ ባልተወሰነበት ክሊኒክ ግን የተዘጋ በር የሚያመለክት ቀስት በቦታው ሊቀር ይችላል።

የሕጎች መደራረብ

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የግዴታዎች መደራረብ ታሪክ ነው። የመረጃ ነጻነት ሕግ በ2005 መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ከመዋሉ አስቀድሞ እያንዳንዱ ክሊኒክ ምን ዓይነት መረጃ ለሕዝብ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ዝርዝር እንዲኖረው ግድ ሆነ። ከ2013 ጀምሮ ክሊኒኮችን የሚቈጣጠረው የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን የሚሰጠው ደረጃ ከኤፕሪል 2015 ወዲህ በክሊኒኩ ቤትና በድረ ገጹ ላይ በግልጽ እንዲታይ ተደነገገ። ክሊኒኮች እስከ ማርች 2016 መጨረሻ የሐኪሞቻቸውን አማካይ የተጣራ ገቢ በገጻቸው እንዲያወጡ በውላቸው ታዘዙ። ሜይ 25 ቀን 2018 ሥራ ላይ የዋለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ የሕመምተኛው መረጃ ለምን እንደሚያዝ፣ ለማን እንደሚተላለፍ፣ ሕመምተኛው ምን መብት እንዳለው የሚያስረዳ መግለጫ አስፈለገ አለ። ሕጉ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው መረጃዎች ተራ ስለመደበው፣ በድረ ገጽ ላይ «ሕመምዎን ይግለጹ» የሚል ቅጽ ማስቀመጥ ተራ ነገር መሆኑ ቀረ።

ከሁሉም ይልቅ መሐንዲሱን የሚመለከተው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 23 ቀን በሥራ ላይ የዋለው የተደራሽነት ደንብ ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ድርጅቶች ድረ ገጾች ዓይነ ስውራን፣ መስማት የተሳናቸው፣ እጃቸውን ማንቀሳቀስ የማይችሉና በንባብ የሚቸገሩ ሰዎች ሊጠቀሙባቸው በሚችሉበት መንገድ እንዲሠሩ ደንቡ ያዝዛል። ነባር ገጾች እስከ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2020 እንዲስተካከሉ ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። መለኪያው ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ማኅበር ያወጣው መመሪያ ሲሆን፣ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የመንግሥት ተቈጣጣሪዎች የሚመረምሩት በ2023 በወጣው 2.2 በተባለው እትም መሠረት ነው።

መመሪያው ረቂቅ ፍልስፍና አይደለም፤ በመለኪያ የሚረጋገጥ ነው። ለምሳሌ በተራ ፊደልና በመደቡ ቀለም መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከ4.5 ለ1 ማነስ የለበትም። ሥዕል ሁሉ ምን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል፤ ዓይነ ስውሩ የሚጠቀምበት ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ሥዕልን ማየት አይችልምና። ገጹ ያለ ማውስ በቍልፎች ብቻ ሊሠራበት መቻል አለበት። ቅጽ ላይ ያለ እያንዳንዱ ባዶ ቦታ ስሙ ከእርሱ ጋር መያያዝ አለበት። በዚህ መሠረት ሲመረመር በብዙ ክሊኒኮች የተለመደ የነበረው አሠራር፣ የታተመ ማስታወቂያን በካሜራ ወይም በስካነር አንሥቶ በገጹ ላይ መለጠፍ፣ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ለሚያይ ሰው ማስታወቂያ የሆነው ለዓይነ ስውሩ ባዶ ግድግዳ ነው።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ

የ2020 ወረርሽኝ ድረ ገጹን ከማስታወቂያ ሰሌዳነት ወደ እውነተኛ በርነት ለወጠው። በማርች ወር ክሊኒኮች ሕመምተኛን ወደ ውስጥ ከማስገባታቸው በፊት በስልክ ወይም በኢንተርኔት እንዲለዩ በመታዘዛቸው፣ የቤቱ በር ተዘግቶ የገጹ በር ተከፈተ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ነገሩ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚደውል መስመሩ የሚጨናነቅበት ሁኔታ የአገሪቱ የዘወትር ምሬት ሆነ። በ2023 የተሻሻለው ውል ሕመምተኛን «ነገ ደውል» ብሎ መመለስን ከለከለ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ክሊኒኮች በሥራ ቀናት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ የኢንተርኔት መጠየቂያ ቅጻቸውን ክፍት እንዲያደርጉ ግዴታ ተጣለባቸው።

ይህ ግዴታ ያለ ክርክር አልታለፈም። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር አስቸኳይ የሆነ ሕመም አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ በተዘጋጀ ቅጽ ገብቶ ሳይነበብ ሊቈይ ይችላል ሲል ሥጋቱን ገለጸ። መንግሥት በበኩሉ ስልክ ላይ ተጨናንቆ የሚውለው ሕዝብ ሌላ በር ሊከፈትለት ይገባል አለ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። እውነቶቹን የሚያስታርቀው ግን የገጹ አሠራር ነው። ደረቱን የሚያመው ሰው ቅጹን ከመክፈቱ በፊት ወደ 999 እንዲደውል የሚነግረው አጭር ዓረፍተ ነገር በገጹ አናት ላይ ከሌለ፣ ሌላው ሕግ ሁሉ ቢፈጸም ጥቅሙ ምንድን ነው?

ለተቈጣጣሪ የተጻፈና ለሕመምተኛ የተጻፈ

ታሪኩ እዚህ ላይ ዋናውን ነጥብ ያሳያል። እያንዳንዱ ሕግ በመልካም ምክንያት ወጣ፤ እያንዳንዱም ገጹን አስረዘመ። የገቢ መግለጫ፣ የግል መረጃ መግለጫ፣ የተደራሽነት መግለጫ፣ የተቈጣጣሪው ደረጃ ሁሉም ቦታቸውን ጠየቁ። ሕመምተኛው ግን ወደ ገጹ የሚመጣው ለጥቂት ጉዳይ ነው፤ ቀጠሮ ለመያዝ፣ መድኃኒት ለማሳደስ፣ የምርመራ ውጤት ለማወቅ፣ ለመመዝገብ፣ ስልክና ሰዓት ለማግኘት። በደንብ የታሰበበት ገጽ እነዚህን በፊት ለፊት፣ ሌሎቹን ደግሞ በሕጉ መሠረት ሊገኙ በሚችሉበት በግርጌ ያስቀምጣል። የብሔራዊ ጤና አገልግሎት የአጻጻፍ መመሪያም ጽሑፉ ከ9 እስከ 11 ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ አንብቦ በሚረዳው ቋንቋ እንዲሆን የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። የታመመ ወይም የደነገጠ ሰው፣ ምሁርም ቢሆን፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር የመከተል አቅም የለውም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የምዝገባው ገጽ ነው። በእንግሊዝ አገር በቤተሰብ ሐኪም ለመመዝገብ የመታወቂያ ወረቀት ወይም የመኖሪያ ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ አይደለም፤ እነዚህን ባለማቅረቡ ብቻም ሰው ሊመለስ አይገባም። ነገር ግን «ፓስፖርትና የመብራት ሒሳብ ይዘው ይምጡ» የሚል አንድ መሥመር በገጹ ላይ ቢጻፍ፣ መጠለያ የሌለው ወይም ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ይህን አንብቦ ሳይመጣ ይቀራል። ማንም ሰው አልመለሰውም፤ የመለሰው ጽሑፍ ነው። ከኦክቶበር 2024 መጨረሻ ወዲህ ክሊኒኮች ሁሉ አንድ ወጥ የሆነውን ብሔራዊ የኢንተርኔት ምዝገባ እንዲጠቀሙ የታዘዙት፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ በየክሊኒኩ የነበረው የጥያቄ ልዩነት እንዲቀር ነው።

ይህ ጉዳይ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ማስታወቂያ በድረ ገጽ ለማውጣት አስተማማኙ መንገድ ጽሑፉን እንደ ሥዕል መለጠፍ ነበር። ዛሬ ችግሩ የፊደል ሳይሆን የትርጉም ነው። ብዙ ገጾች በመሣሪያ የሚተረጕም ቍልፍ አላቸው፤ መሣሪያው ግን የቃሉን ሁለት ፍች ሁልጊዜ አይለይም። እንግሊዞች የሐኪምን ክሊኒክ የሚጠሩበት «ሰርጀሪ» የሚለው ቃል ቀዶ ሕክምናም ማለት በመሆኑ፣ «ክሊኒኩ ረቡዕ ዝግ ነው» የሚለው ማስታወቂያ «ቀዶ ሕክምናው ረቡዕ ዝግ ነው» ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ከዚህም የባሰው የሰዓቱ ነገር ነው። በእንግሊዞች አቈጣጠር 8 የሚባለው በአማርኛ ሁለት ሰዓት ነው። ቍጥሩ እንዳለ ከተገለበጠ «ስልኩ በ8 ሰዓት ይከፈታል» የሚለውን ያነበቡ እናት የሚደውሉት ከቀትር በኋላ ነው፤ የዕለቱ ቀጠሮ ያን ጊዜ አልቋል። ይህን ስሕተት የሚይዝ ሕግ የለም። የሚይዘው ገጹን ከሕመምተኛው ወገን ሆኖ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

መደምደሚያ

ከናስ ሰሌዳው እስከ ድረ ገጹ ያለው መንገድ ሲታይ፣ ሁለት ነገሮች ተለይተው ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ሕግ አስፈላጊ መሆኑ ነው። የተደራሽነቱ ደንብ ባይወጣ ኖሮ የዓይነ ስውሩ ጉዳይ ለበጎ ፈቃድ ብቻ በተተወ ነበር፤ ሐኪሙ ዝም እንዲል በተገደደበት ዘመንም የተጎዳው ዘመድና ጎረቤት የሌለው ሰው ነበር። ሁለተኛው፣ ሕግ ዝቅተኛውን ወለል እንጂ ቤቱን እንደማይሠራ ነው። ተቈጣጣሪው የሚጠይቀው መግለጫው መኖሩን ሲሆን ሕመምተኛው የሚጠይቀው መግለጫው እውነት መሆኑን ነው።

መሐንዲስ ድልድይ ሠርቶ ሲያስረክብ የጥገናውን መርሐ ግብር አብሮ ያስረክባል። የውሃ ፓምፕ የሚተክልም ማን ቅባት እንደሚያደርግለት ሳይጠይቅ አይሄድም። የክሊኒክ ድረ ገጽ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የኖረው ግን አንድ ጊዜ ታትሞ እንደሚያልቅ ወረቀት ነው። የበዓል ቀን በመጣ ቍጥር ሰዓቱን የሚለውጥ፣ ሐኪም ሲሄድ ስሙን የሚያነሣ፣ በየወሩ የራሱን ክሊኒክ ስልክ ከገጹ ላይ አንብቦ የሚደውልና ማን እንደሚያነሣ የሚያዳምጥ፣ ስሙ የታወቀ አንድ ሠራተኛ መኖሩ ከብዙ የሚያምሩ ሥዕሎች ይበልጣል። በ1970ዎቹ ይህን ሥራ ተቀባይዋ በብዕሯ ትሠራው ነበር። መሣሪያው ተለውጧል፤ ሥራው ግን ያው ነው።